ጠመንጃና ጥይት በጋሞ ቤት፤ የመሣሪያ አቀማመጥ ታሪክ

ስለ ጦር መሣሪያ ታሪክ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምሩት ጠመንጃው በየትኛው ወደብ እንደ ገባ፥ በማን ዘመን እንደ ተገዛና በየትኛው የጦር ሜዳ እንደ ተተኰሰ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጠመንጃ በዕድሜው ውስጥ በጦር ሜዳ የሚያሳልፈው ቀን እጅግ ጥቂት ነው። የቀረውን ዘመኑን የሚኖረው በሰው ቤት ውስጥ ነው፤ በግድግዳ ተሰቅሎ፥ ከራስጌ ተጋድሞ፥ በቆጥ ላይ ተሸጕጦ ወይም በሣጥን ተቈልፎ። ይህ የቤት ውስጥ ኑሮው ብዙ ትኵረት አላገኘም። ነገር ግን የአንድ አገር ሰው ጠመንጃውን የት እንዳስቀመጠ፥ ጥይቱን ከጠመንጃው ጋር ወይም ለብቻው እንዳኖረ፥ ቍልፉንም ለማን እንደ ሰጠ ያወቀ ሰው፥ በዚያ አገር ማን ማንን ይፈራ እንደ ነበረ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

የጋሞ ደጋ ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ የተመቸ ምሳሌ ነው። በዚያ አገር ጠመንጃ በብዛት የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከሠራዊት ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ ባለው 120 ዓመት በሚያህል ጊዜ ውስጥ መሣሪያው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ወደ ነፍጠኛው ግድግዳ፥ ከግድግዳው ወደ ጕድጓድ፥ ኋላም ወደ ገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት፥ በመጨረሻም ወደ ተራው ሰው መኝታ ተዘዋውሯል። በዚህ ዝውውር ውስጥ አንድ አሮጌ ልማድ ነበረ፤ ይኸውም ጠመንጃውን ለዓይን መስቀል፥ ጥይቱን ግን ለብቻው መቈለፍ ነው። ይህ ልማድ ወጪ ሳይጠይቅ ለረጅም ጊዜ የቤቱ ጠባቂ ሆኖ ከቈየ በኋላ፥ የመሣሪያው ዓይነት ሲለወጥ ማንም ሳያስበው ላላ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።)

ጋሞ ከዓባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተምዕራብ ከፍ ብሎ የሚታየው ተራራማ አገር ነው። ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ብላ ስትገኝ፥ በሥሯ በቈላው ያለችው አርባ ምንጭ ግን 1,300 ሜትር አትሞላም፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድም 40 ኪሎ ሜትር አይደርስም። የደጋው ሰው በጭጋግና በዝናብ፥ የቈላው ሰው በሙቀት ይኖራል። ቀድሞ አገሩ ዴሬ በሚባሉ ብዙ ራሳቸውን ያስተዳድሩ በነበሩ ክፍሎች የተከፈለ ነበረ፤ ዶርዜ፥ ዶኮ፥ ኦቾሎ፥ ዲታ፥ ቦንኬና ቦረዳ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በየዴሬው መሥዋዕት የሚያቀርብ ካዎ፥ በሕዝብ ፊት የሚሾሙ ሀላቃዎች፥ ነገርም የሚመከርበት ዱቡሻ የሚባል የጉባኤ ሜዳ ነበረ። ዴሬዎቹ እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር፤ መሣሪያቸውም ጦርና ጋሻ ነበረ።

ጦር በቤት ውስጥ የሚያስከትለው ችግር ትንሽ ነው። ስለቱ ለሁሉም ይታያል። ሕፃን ቢነካው እጁን ይቈርጠው ይሆናል እንጂ ከምድጃው ማዶ የተቀመጠችውን እናቱን አይገድልም። ለመውጋት ክንድ ይጠይቃል፥ ከክንድም በላይ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ የጦር ባለቤት ጦሩን በቀርከሃው ግድግዳ ዘንድ አስደግፎ ቢያድር ቍልፍ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። የዶርዜ ቤት ራሱ እንኳን ለቍልፍ የሚመች ሥራ አይደለም። እንደ ቅርጫት ከቀርከሃ ተሠርቶ እስከ 12 ሜትር ድረስ ወደ ላይ የሚዘረጋ፥ በእንሰትና በቀርከሃ ቅርፊት የሚከደን፥ ከብቱንና ሰውን በአንድ ጣራ ሥር የሚያሳድር ቤት ነው። በቢላዋ የሚከፈት ግድግዳ ላይ የብረት መዝጊያ ማኖር ምን ይጠቅማል?

የቀድሞው ጋሞ መሣሪያን የሚገታው በቍልፍ ሳይሆን በሥርዓት ነበረ ማለት ይቻላል። ጎሜ የሚባለው እምነት ነውር የሠራውን ሰው ብቻ ሳይሆን ቤተ ሰቡንና አገሩን ጭምር በሕመም፥ በዝናብ መጥፋትና በመካንነት የሚያስቀጣ ስለ ሆነ፥ ደም ያፈሰሰ ሰው በእርቅና በሥርዓት እስኪነጻ ድረስ የግሉ ነገር የግሉ ብቻ ሆኖ አይቀርም ነበር። ይህ ሥርዓት ፈጽሞ የሞተ አይደለም። በመስከረም 2011 በቡራዩ አካባቢ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ በአርባ ምንጭ ቍጣ የገነፈለባቸው ወጣቶች ለበቀል አደባባይ በወጡ ጊዜ፥ የጋሞ ሽማግሎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ስለዚህ ድርጊት በአገሩ ሁሉ ብዙ ተነግሯል። ለዚህ ጥናት የሚጠቅመው ግን አንድ ነጥብ ነው፤ ሣሩ የሚሠራው ሰው ከሰው ጋር ፊት ለፊት በሚተያይበት ስፍራ ነው። በሌሊት በጨለማ ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ከራስጌ የተጋደመ ጠመንጃ ሲነካ በዚያ ሽማግሌ የለም።

የጠመንጃው ስሞች ራሳቸው የመምጫውን መንገድ ይናገራሉ። ነፍጥ ከዐረብ፥ ጠበንጃ ወይም ጠመንጃ ከቱርክ ቋንቋ የመጡ ቃላት ናቸው። ውጅግራ የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ፥ ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር፥ ለበን የፈረንሳዩ ለበል፥ ምንሽር የኦስትርያው ማንሊኸር፥ ቤልጅግ ደግሞ ከቤልጅግ አገር የመጣው ማውዘር ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 በዓድዋ ድል ካደረገው ወደ 100,000 የሚጠጋ ሠራዊት አብዛኛው ጠመንጃ የያዘ ነበር። ወላይታ በ1887 በዐፄ ምኒልክ ጦር ተይዞ ነበርና፥ በቀጥታ በስተደቡቡ ያለው ጋሞም በተከተሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጠቃለለ። በጦርና በጋሻ የሚዋጋ ሕዝብ ከውጅግራ ፊት ምን ያህል ሊቆም እንደሚችል ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም።

በእነዚያ ዘመናት ስለ መሣሪያ የተጻፉ ውሎች ጥቂት አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1890 የብራስልስ ስምምነት፥ እ.ኤ.አ. በ1906 እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ ያደረጉት ስምምነት፥ ኢትዮጵያ በ1916 ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የተቀበለችው ግዴታ፥ በነሐሴ 1922 ደግሞ በፓሪስ የተፈረመው ውል ሁሉም የሚናገሩት ስለ ወደብና ስለ ድንበር፥ ስለ ሻጭና ስለ ገዢ ነው። ከቤት ደጃፍ ሲደርሱ ሁሉም ይቆማሉ። በቤቱ ውስጥ የሆነውን ለማወቅ ሌላ ምስክር መፈለግ ግድ ነው፤ ይኸውም የቤቱ አሠራር፥ የኑሮው ሥርዓትና የጥይቱ ዋጋ ነው።

ነፍጠኛ የሚለው ቃል በዚህ ስፍራ የሚነገረው በጥንቱ ትርጕም ነው፤ ነፍጥ የያዘ፥ በያዘውም ነፍጥ ምክንያት ርስት ወይም ገባር የተሰጠው ወታደር ማለት ነው። ቃሉ በኋላ ዘመን ለክርክር ሲውል የመጀመሪያው ፍቺ እየደበዘዘ ሄዷል። የሚገርመውም ሥርዓቱ የተሰየመው በሹመቱ ወይም በመሬቱ ሳይሆን በቤቱ ግድግዳ በተሰቀለው ዕቃ መሆኑ ነው። ጠመንጃው ሁለት ዓይነት ነበረ። አንዱ የመንግሥት ነው፤ ከግምጃ ቤት ወጥቶ በስም የተሰጠ ስለ ሆነ ተቀባዩ ይጠየቅበታል። ሌላው በገዛ ገንዘብ የተገዛ ወይም ከአባት የወረደ ነው። በቤተ መንግሥት ጠመንጃ ያዥ የሚባል ክፍል ነበረ፤ ስሙም እንደሚያመለክተው የንጉሡን መሣሪያ ተሸክሞ መጠበቅ ራሱ ማዕርግ ነበር። ከዋና ከተማ ርቆ በጨንቻ የሰፈረው ወታደር ግን ግምጃ ቤቱ የገዛ ጎጆው ነበረ።

ያች ጎጆ ከጋሞው ቤት የተለየች ናት። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ግድግዳ፥ በመካከል የቆመ ምሰሶ፥ በግድግዳው ውስጥ የተቀበሩ የእንጨት መስቀያዎች፥ ከምድጃው በላይ ቆጥ፥ ከበስተኋላ ጓዳ ነበሯት። በአማራው ባላገር ዘንድ የጠመንጃ ስፍራ ከጥንት የታወቀ ነው፤ ጋሻውና ጐራዴው ከሚሰቀሉበት መስቀያ ዘንድ፥ እንግዳ ሲገባ ዓይኑ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ነው። ባለ ጠጋ የሆነ ሰው በጨርቅ ልብስ ይሸፍነዋል፤ ከቀይ ግምጃ የተሰፋ ልብስ የታላላቅ ሰዎች ምልክት ነበር። ይህ ከመሣሪያ ማስቀመጥ ይልቅ መሣሪያን ማሳየት ነው። ጠመንጃው ሳይተኰስ የሚሠራው ሥራ አለና፥ ያንን ሥራ የሚሠራው በመታየቱ ነው።

ጥይቱ ግን እንዲታይ አልተፈለገም። ለዚህም ምክንያቱ ጥንቃቄ ብቻ አልነበረም፤ ጥይት ገንዘብ ስለ ነበረ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በብዙ የኢትዮጵያ አገሮች፥ በተለይም በደቡብና በምዕራብ፥ ጥይት እንደ አሞሌ ጨውና እንደ ማርያ ቴሬዛ ብር በገበያ ይመነዘር ነበር። በአንድ ጥይት ዕቃ ይገዛል፥ ዕዳ ይከፈላል። የተተኰሰው ቀለህ እንኳን አይጣልም፤ ባሩድና እርሳስ ተጨምሮበት እንደ ገና ይሞላል። ስለዚህ ወታደሩ ጥቂቱን ለክብርና ለድንገት በዝናሩ ቢያኖር፥ የቀረውን ከብሩ ጋር ማስቀመጡ የማይቀር ነው። ብር ደግሞ የሚቀመጠው በጓዳ፥ በሣጥን ወይም በአቁማዳ ነው። ጓዳ የእመቤቲቱ ግዛት ነበረ፤ ቍልፍ ካለም ቍልፉ በእርሷ ዘንድ ነው። በዚህ መንገድ ማንም ሳያውጅ፥ ማንም ስለ ሕፃናት ደኅንነት ሳያስብ፥ ጠመንጃውና ጥይቱ በሁለት ክፍልና በሁለት ሰው እጅ ተለያይተው አደሩ። ባል የተቈጣ እንደ ሆነ ከግድግዳ የሚያወርደው ባዶ ብረት ነው፤ ከጓዳ የሚመጣው ደግሞ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። ከቍጣና ከጥይት መካከል የሚገባ ጥቂት ጊዜ ስንት ነፍስ እንዳዳነ የቈጠረ የለም።

ሆኖም ይህን ልማድ ከሚገባው በላይ ማመስገን ስሕተት ይሆናል። ውጅግራ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጐርስ ስለ ሆነ፥ ሌባ ወይም ጠላት የሚፈራ ሰው ሌሊቱን አጕርሶ ከራስጌው ያጋድመው ነበር። ያን ጊዜ የጓዳው ሣጥን ቍልፍ ዋጋ የለውም። ፍርሃት በበዛበት ዘመን ሁሉ ጥይቱ ከሣጥን ወደ ጠመንጃው አፍ ይመለሳል፤ ይህም በጋሞ ብቻ ሳይሆን ጠመንጃ በገባበት አገር ሁሉ ያው ነው።

ከሰው ይልቅ ዘወትር ጠመንጃውን የሚዋጋው ግን ዝገት ነበር። ውጅግራ በጥቍር ባሩድ የሚተኰስ ነው። የጥቍር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ይስባልና በዚያው ቀን ታጥቦ ካልተወለወለ ብረቱን ይበላዋል። በጨንቻ ጭጋግ ውስጥ ይህ ምን ያህል እንደሚፋጠን መገመት ይቻላል። ዘይት በሌለበት አገር ያለው ቅብ ቅቤና ሞራ ነው፤ ቅቤም በውስጡ ውኃ ስላለበት ካልተነጠረ በቀር ጥቂት ቀን አብርቶ ኋላ ያዝጋል። ስለዚህ ከምድጃው አጠገብ ያለው ደረቅ ስፍራ ተመራጭ ነበር። ጢሱ ቀርከሃውንና ሣሩን ከነቀዝ እንደሚጠብቅ ሁሉ ሙቀቱ ብረቱን ከእርጥበት ይጠብቀዋል ተብሎ ይታሰባል። ጥይቱ ግን ከምድጃ መራቅ ነበረበት። ተፈጥሮ ራሷ ሁለቱን ዕቃዎች በአንድ ቤት ውስጥ በተለያየ ስፍራ እንዲቀመጡ አስገደደች ማለት ነው። እርጥበት የገባው ጥይት ደግሞ ይከሽፋል፤ የከሸፈ ጥይት በገበያም በጦርነትም ዋጋ የለውም።

በዚህ ቤት ውስጥ ሌላም ሰው ነበረ፤ እርሱም ገባሩ ነው። ገባር ያርሳል፥ እንጨት ይለቅማል፥ አጥር ያጥራል፥ ሚስቱም እህል ትፈጫለች፤ ከእነዚህ ግዴታዎች አንዱ ደግሞ ዘብ መቆም ነበር። ጌታው በዘመቻ ወይም በጉዞ ጊዜ ስንቁን የሚሸከመው ገባሩ ነው፤ በሌሊትም ደጁን የሚጠብቀው ያው ገባር ነው። እንግዲህ በጋሞ ደጋ ጠመንጃ የተቀመጠበትን ቤት የሚጠብቀው፥ ጠመንጃው እንዲያስገዛው የመጣበት ሰው ነበረ። ይህ ሁኔታ የጥይቱን መለየት ከቤት ልማድ ወደ አገዛዝ ጥበብ ያሸጋግረዋል። ጠመንጃው በግድግዳ ላይ ለገባሩ ዓይን ተሰቅሏል፤ ጥይቱ ከገባሩ እጅ ርቋል። አንዱ ያስፈራዋል፥ ሌላው አይደርስበትም። ነፍጠኛው በቍጥር ከገባሩ እጅግ ያነሰ በመሆኑ ያለዚህ ጥንቃቄ አንዲት ሌሊት እንኳን በሰላም ለመተኛት ይቸግረው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የኢጣልያ ወረራ ይህን ሁሉ ገለበጠው። በ1928 ወራሪው አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ሕዝቡ መሣሪያውን እንዲያስረክብ ታወጀ፤ ደብቆ የተገኘ በሞት ይቀጣ ነበር። በዚያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሁሉ ጠመንጃ ከግድግዳ ወርዶ ወደ ምድር ገባ። ለግምባር ለዓይን ይቀመጥ የነበረው ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰወር ዕቃ ሆነ። ጠመንጃን ለመቅበር ብረቱን ቅባት መቀባት፥ አፈሙዙን መወተፍ፥ በጨርቅና በቆዳ መጠቅለል፥ የእንጨቱን ሰደፍ ከምስጥ መጠበቅ ያስፈልጋል። የእንሰት አገር ሰው ቆጮን በቅጠል በተነጠፈ ጕድጓድ ቀብሮ ማቈየትን ከማንም ይበልጥ ያውቃል፤ የብረትና የባሩድ ጠባይ ግን ከቆጮ የተለየ ነው፤ ቆጮን የሚያበስለው እርጥበት ጥይትን ያከሽፋል። በዘመኑ ኢጣልያኖች የገባርን ሥርዓት ሽረናል ብለው በማወጃቸው፥ በጋሞና በሌሎችም የደቡብ አገሮች የጠመንጃውና የመሬቱ ዝምድና ተናጋ። በ1933 ጠላት ሲወጣ የወደቀ መሣሪያ በየስፍራው ቀረ፤ ጠመንጃም የጥቂቶች ምልክት መሆኑ መቀነስ የጀመረው ከዚህ ጊዜ ወዲህ ነው።

ከነጻነት በኋላ ያለው ታሪክ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። በ1937 የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ የጉልበት ግዴታዎችን በሕግ አስቀረ፤ ደመወዝተኛ ፖሊስና ሠራዊት የነፍጠኛውን ሥራ ተረከበ፤ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫም በ1950ዎቹ ዓመታት ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። የመንግሥት ጠመንጃ በፖሊስ ጣቢያ ግምጃ ቤት፥ በመዝገብና በዘበኛ ይጠበቅ ጀመር። በቤት የቀረው አሮጌ ውጅግራና ምንሽር ለለቅሶ፥ ለሠርግና ለክብር የሚወጣ የአባት ቅርስ ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ግን መሬቱና የመሬቱ ጌታ ሲለያዩ ጠመንጃውም ተከተለ። የገበሬ ማኅበራት ታጣቂዎች ተመለመሉ፤ ምንሽሩ ከቀድሞው ባለ ርስት ግድግዳ ወደ ማኅበሩ ታጣቂ ትከሻ ተሸጋገረ። በብዙ ስፍራ ገባር የነበረው ሰው ልጅ፥ አባቱ በደጅ ሆኖ ይጠብቀው የነበረውን መሣሪያ በእጁ ያዘ። ይህ ለውጥ ስለ ፍትሕ ብዙ ይናገራል። ስለ አጠባበቅ ግን የተናገረው ነገር ያነሰ ነው፤ የታጣቂው ቤት የጭቃ ወይም የቀርከሃ ቤት ነበረና፥ ጓዳና ሣጥን የሌለበት ቤትም ብዙ ነበር።

ከሁሉም የሚበልጠው መቋረጥ የመጣው ከ1983 በኋላ ነው። የደርግ ሠራዊት ሲበተን ክላሽንኮቭ በአገሩ ሁሉ ተሠራጨ፤ በጋሞ ዙሪያ ባሉ የአርብቶ አደር ቈላዎችም ከብትን ለመጠበቅና ለመዝረፍ ዋና መሣሪያ ሆነ። ይህ ጠመንጃ ከቀድሞዎቹ የሚለየው በፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ ጥይቱን የሚይዝበት መንገድ ልዩ ነው። ወታደሮች ካርታ የሚሉት የጥይት ማኅደር 30 ጥይት ጐርሶ ከጠመንጃው ሥር ይገጠማል። ባለቤቱ ካላወጣው በስተቀር ጥይቱ ከጠመንጃው ጋር ተሰቅሎ ያድራል ማለት ነው። ካርታውን አውጥቶ እንኳን ቢያስቀምጥ፥ አንድ ጥይት በበርሜሉ ጕሮሮ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ይህንንም የማያውቅ ሰው ባዶ ነው ብሎ በቀለደበት ጠመንጃ ሰው ይገድላል። ጥይትም ከእንግዲህ ወዲህ ከብር ጋር የሚቈለፍ ገንዘብ መሆኑ ቀርቷል። እንዲህ ሆኖ አሮጌው መለያየት ምክንያቱን አጣ። ሕግ አልሻረውም፥ ማንም አልተቃወመውም፤ የዕቃው ቅርጽ ሻረው።

ሌሎች አገሮች በዚህ ነገር ላይ ዘግይተው የደረሱበት ውሳኔ ለማነጻጸር ይጠቅማል። በስዊስ አገር የሠራዊቱ አባል የመንግሥት ጠመንጃውን በቤቱ ማኖሩ የቈየ ልማድ ነው፤ ቀድሞም የታሸገ ጥይት አብሮ ይሰጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ግን ጥይቱ ከየቤቱ ተሰብስቦ በሠራዊቱ ግምጃ ቤት እንዲቀመጥ ተወሰነ። ጠመንጃው በቤት ቀረ፥ ጥይቱ ወጣ። እንደዚሁም እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት አራት ነገሮችን ለየብቻ መዝኗል፤ ጠመንጃው መቈለፉን፥ ባዶ መሆኑን፥ ጥይቱ መቈለፉን፥ ጥይቱም ከጠመንጃው ተለይቶ መቀመጡን። አራቱም እያንዳንዳቸው በሕፃናትና በወጣቶች ላይ በድንገት ወይም በገዛ እጃቸው ከሚደርሰው ጕዳት ማነስ ጋር ተያይዘው ተገኙ። ከአራቱ ሦስቱን የጨንቻ ወታደር ጓዳ፥ ለሌላ ዓላማም ቢሆን፥ በፈቃዱም በግድም ይፈጽማቸው ነበር።

በኢትዮጵያ በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 መሣሪያ የሚይዝ ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ስፍራዎች መሣሪያ ይዞ መገኘትንም ይከለክላል። ከወደብና ከድንበር ውሎች ወዲህ ሕጉ ወደ ባለቤቱ መቅረቡ ትልቅ እርምጃ ነው። የቤቱ ጕዳይ ግን በአብዛኛው ለባለቤቱ ይቀራል፤ በዚያም ላይ ዋናው ነገር ዋጋ ነው። በባንክ ቤት የሚታየው ዓይነት የብረት ካዝና ለሸማኔና ለገበሬ የሚታሰብ አይደለም። በጋሞ ዞን ያለ የቀርከሃ ቤት ደግሞ ካዝናውን ችሎ የሚያስርበት ግድግዳ የለውም። ከፍ አድርጎ መስቀልም ጊዜያዊ መፍትሔ ነው። የዶርዜ ቤት ሥሩን ምስጥ ሲበላው የተበላው ክፍል እየተቈረጠ ቤቱ በየጊዜው ዝቅ ይላልና፥ አባት ቤቱ አዲስ ሳለ ከልጆቹ እጅ በላይ የሰካው መስቀያ ከዓመታት በኋላ ከቤቱ ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ልጆቹ ደግሞ በዚያው ጊዜ ያድጋሉ።

እዚህ ላይ የጓዳው ሣጥን ታሪክ ከታሪክነት አልፎ የሒሳብ ነገር ይሆናል። ውጅግራ 1.30 ሜትር፥ ክላሽንኮቭ 88 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ይህን የሚያህል የብረት ሣጥን ብዙ ላሜራና ብዙ ብየዳ ይጠይቃል። ጥይቱንና ካርታውን የሚይዝ ሣጥን ግን ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ነው፤ በአርባ ምንጭ ሲቀላም ሆነ ሴቻ በርና መስኮት ከሚበይድ ሠራተኛ ዘንድ ከቍርጥራጭ ላሜራ ሊሠራ፥ በተራ ጓጕንቸር ሊቈለፍ፥ በመሬት ውስጥ ከተቀበረ ድንጋይ ጋር በሰንሰለት ሊታሰር ይችላል። የምንሽርና የቤልጅግ መዝጊያ ብረት ያለ መፍቻ በእጅ ተስቦ ይወጣል። የክላሽንኮቭም የላይኛው ክዳን ሲነሣ በውስጡ የሚንሸራተተው ብረት እንዲሁ ይወጣል። ያ ብረት በዚያው ትንሽ ሣጥን ከጥይቱ ጋር ከተቈለፈ፥ በግድግዳው ላይ የቀረው ጠመንጃ ተሰርቆም ቢሆን ወዲያው አይተኰስም። የቀረው የቍልፉ ነገር ነው። በቀድሞው ቤት ቍልፉ በእመቤቲቱ መቀነት ይታሰር ነበር፤ ዛሬ በብዙ ቤት ቍልፉ በዚያው መስቀያ፥ ከጠመንጃው ማንገቻ ጋር ተንጠልጥሎ ይገኛል።